ክፍሉ አምስተኛ፣ ንባቡ አንደኛ

አንድ ልጅ ማንበብ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል? የሴሚስተር ፈተና መጠበቅ አያስፈልግም፤ ካርዱን ማገላበጥም አያስፈልግም። አምስት ደቂቃና አንድ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱ ላይ ከላይ ጥቂት ፊደላት ተዘበራርቀው ይጻፋሉ፤ ከሥራቸው አጫጭር ቃላት፤ ቀጥሎ አራት ዓረፍተ ነገር ያላት ቀላል አንቀጽ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሊያነባት የሚገባ አጭር ታሪክ። ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንቀጿን ታስነብቡታላችሁ። ከተወጣት ወደ ታሪኩ ታልፋላችሁ፤ ካቃተችው ወደ ቃላቱ፣ እነሱም ካቃቱት ወደ ፊደላቱ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ስሙ አጠገብ «ፊደል»፣ «ቃል»፣ «አንቀጽ» ወይም «ታሪክ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አለቀ።

ይህቺ ወረቀት የስንቱን አስተሳሰብ እንደቀየረች ሳላወራላችሁ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሕንድ ውስጥ፣ ሙምባይ ከተማ፣ ፕራታም የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ሥራውን የጀመረው የድሃ ሰፈር ሕፃናትን በማስተማር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ግን አሴር የተባለ ጥናት አመጣ፤ በጎ ፈቃደኞች በየገጠሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆችን በዚህችው ወረቀት ይፈትናሉ። ፈተናው ቤት ለቤት የሆነው በምክንያት ነው፤ ትምህርት ቤት ብቻ ቢሄዱ በዕለቱ የቀረው ልጅ ያመልጣቸዋል። ውጤቱ ሲወጣ ብዙ ሰው ደነገጠ። ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የሁለተኛ ክፍል ታሪክ ማንበብ አይችሉም። እነዚህ ደግሞ በየማለዳው ደብተር ይዘው የሚወጡ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች ናቸው።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን ተመሳሳይ የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ልጆቹ የተፈተኑት በባዕድ ቋንቋ ሳይሆን አማርኛን፣ አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛን ጨምሮ በሚማሩባቸው ቋንቋዎች ነው። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከተሰጣቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ዓመታት አልፈው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ተከራከረ። ስለ ሁለተኛ ክፍል ግን የተነሳ ክርክር እምብዛም አልሰማሁም። ሥሩ ያለው ግን እዚያ ይመስለኛል።

ልጁ እንዴት ወደ ኋላ ይቀራል?

መጀመሪያ ፍትሐዊ እንሁን። በ1987 ዓ.ም. አካባቢ በመላው ኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ይማሩ የነበሩት ልጆች 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ ቁጥራቸው ከ18 ሚሊዮን በልጧል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ብዙዎቹ አዲስ ገቢዎች ከቤተሰባቸው የመጀመሪያው ባለ ደብተር ነበሩ፤ ቤት ውስጥ «እስቲ አንብብልኝ» የሚል የለም፤ መጽሐፍም የለም። አስተማሪው ደግሞ ፊት ለፊቱ ስድሳ ሰባ ልጅ ተቀምጧል፤ በአንዳንድ ቦታ በፈረቃ ነው የሚማሩት።

አሁን አንዲት ልጅ አስቡ። አንደኛ ክፍል እያለች ለሦስት ሳምንት ታመመች እንበል፤ ወይም ታናሽ ወንድሟን እንድትጠብቅ ቤት ዋለች። ስትመለስ ክፍሉ ከ«ሀ» ቤት እስከ «ነ» ቤት ደርሷል። አስተማሪው ስለሷ ብሎ ወደ ኋላ አይመለስም፤ መጽሐፉ ማለቅ አለበት። የመማሪያ መጽሐፍ እንደ ከተማ አውቶቡስ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል፤ ፌርማታው ላይ ማን እንደቀረ ዞሮ አያይም። ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ መጽሐፉ ማንበብ እንደምትችል አድርጎ ይጠብቃታል። ሦስተኛ ክፍል ላይ የአካባቢ ሳይንሱም ሒሳቡም በጽሑፍ ይመጣባታል። በአንድ ትምህርት የጀመረው ክፍተት ወደ ሁሉም ትምህርት ይዛመታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ተደርጓል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አስተማሪው በየጊዜው እየመዘነ የደከመውን ይደግፋል ተብሎ ነው። ማለፉ በየቦታው ተሠራበት፤ ድጋፉ ግን በብዙ ቦታ ሳይመጣ ቀረ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ክፍል ትድገም» የሚል አይጠፋም። መድገም የሚጠቅመው ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው የተለየ ከሆነ ነው። ያንኑ መጽሐፍ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ስድሳ ልጅ መሐል ብትሰማው የምታተርፈው ከጓደኞቿ መለየትና እፍረት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ልጆች መደበቅ ይችሉበታል። ማንበብ የማይችል ልጅ ከሰሌዳ ላይ አሳምሮ ሊገለብጥ ይችላል። ጽሑፉ ንጹሕ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ደብተሩ በጋዜጣ የተሸፈነ። ገጹን ደግሞ በቃሉ ይዞታል፤ «አንብብ» ስትሉት ጣቱን እያስኬደ በግሩም ድምፅ ይወጣዋል። ለማጣራት ከፈለጋችሁ ከገጹ መሐል አንድ ቃል ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ «ይቺ ምን ትላለች?» በሉት። ከላይ ጀምሮ በለሆሳስ እየወረደ እዚያ ለመድረስ ከሞከረ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው።

የኔታ የሚያውቁት ብልሃት

ይህን ችግር ከሁላችን በፊት የደረሱበት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። ፊደል ገበታው ሠላሳ ሦስት ቤት በሰባት ረድፍ ነው፤ 231 ቅርጽ። ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» እያለ በዜማ ሲወርደው ፊደል የለየ ይመስላል፤ ዜማውን ሸምድዶ ቅርጹን ሳያይ ግን እስከ «ፐ» ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በባህላዊው ትምህርት ከሀሁ ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ይሄዳል፤ ቤቱም ረድፉም በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ዜማው የተሸከመው ልጅ እዚህ ይያዛል፤ ቅርጹን በዓይኑ የለየው ያልፋል። የዛሬ የንባብ ምዘና ፊደላቱን አዘበራርቆ የሚያቀርበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ንባብ የሚጀመረው በቁጥር ነው፤ እያንዳንዷ ፊደል ለየብቻዋ ትጠራለች። ከዚያ «ግዕዝ» የሚባለው የንባብ ደረጃ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ሳይደናቀፉ የሚወጡት ቁም ንባብ። ተማሪው አንዱን ሳያጠራ ወደ ሌላው አይሸጋገርም። አንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ፊደል ይቆጥራል፤ አንዱ መልእክተ ዮሐንስን ይለማመዳል፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም ያለበት ቦታ ተቀምጧል። የኔታ ሁሉን ማዳረስ ስለማይችሉ ቀደም ያለው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል። ሥርዓቱ የራሱ እንከን ነበረው። የሚነበበው ልጁ በማይሰማው በግዕዝ ቋንቋ ነው፤ አለንጋው አይጠፋም፤ ሴቶች ልጆች ጥቂት ነበሩ። ግን «ስንት ዓመቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «የት ደርሷል?» ብሎ መጠየቁ ትልቅ ጥበብ ነው። ዘመናዊው ክፍል ልጆችን በዕድሜ ሲደለድል የጣለው ይህንን ጥያቄ ነው።

ንባብ ለምን ፍጥነት ይፈልጋል?

«ቀስ ብሎም ቢሆን ካነበበ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። አንድ ልጅ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ በጆሯችሁ ስሙት፦ «አ… በ… በ… አበበ። በ… ጎ… ቹ… ን… በጎቹን። ወ… ደ… ወ… ን… ዝ…» «ወሰዳቸው» ላይ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኗል። «ማነው የወሰደው?» ብትሉት ዝም ይላል። ልጁ ደደብ ሆኖ አይደለም። አእምሯችን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ ሊያቆይ የሚችለው በጣም ጥቂት ነገር ነው። ያ ቦታ በፊደል ሲሞላ ለትርጉም የሚተርፍ ስፍራ የለም፤ ኋላ ላይ የመጡት ፊደላት የፊቶቹን ገፍተው ያስወጧቸዋል። ባለሙያዎች አንድ ልጅ ያነበበውን እንዲረዳ በደቂቃ ከ45 እስከ 60 ቃል ያህል ማንበብ አለበት ይላሉ። አማርኛ ቃሉ ረዘም ስለሚል ቁጥሩ ከዚያ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ፊደል መለየት ሳያስቡት የሚመጣ ነገር መሆን አለበት፤ አእምሮ ለሐሳብ ነጻ እንዲወጣ።

የኛ ፊደል ለልጅ ደግም ክፉም ነው። ደግነቱ በአብዛኛው እንደተጻፈ መነበቡ ነው፤ «በ» የትም ብትሄድ «በ» ነች። ካዕቡ፣ ሣልሱ፣ ኃምሱ በአብዛኛው ሥርዓት ያለው ምልክት አላቸው፤ ቡ፣ ቢ፣ ቤ ያስተማራችሁት ልጅ ሱ፣ ሲ፣ ሴን ራሱ ይገምታል። ክፋቱ ያለው ሳድሱ ላይ ነው። ብ፣ ል፣ ር፣ ን፣ ት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አመል አላቸው፤ በዚያ ላይ በጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት እነሱ ናቸው። ከዚያ መንታ የሚመስሉት አሉ፤ ሰና ሸ፣ ነና ኘ፣ ዘና ዠ፣ ጸና ጰ። መጥበቅና መላላቱም አይጻፍም። «አለ» የሚለው ተናገረ ነው ወይስ ኖረ? አንባቢው የሚያውቀው ከዙሪያው ካለው ሐሳብ ነው። በየፊደሉ የሚንገታገት ልጅ ደግሞ ዙሪያውን ማየት አይችልም።

ታዲያ ከየት ይጀመር? 231ዱን ቅርጽ ጨርሶ ወደ ቃል መሄድ ግዴታ አይደለም። አራት ቤት ብቻ ውሰዱ፤ ለ፣ መ፣ በ፣ ተ። ወረቀት ቆራርጣችሁ ፊደላቱን ጻፉባቸው፤ ወለል ላይ በትኗቸው። ልጁ «ላ» እና «ም»ን ሲያገጣጥም «ላም» አገኘ። ቤት፣ ማታ፣ ሎሚ፣ ሌሊት፣ ሙላ፣ መታ፣ በላ። በአንድ ሳምንት ውስጥ «ማታ ሎሚ በላ» ብሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ ትርጉም ያለው፣ ሊስቅበት የሚችል፣ ራሱ የገጣጠመው። ለሁለት ዓመት በዜማ ሲያዜም የቆየ ልጅ ፊደል ሥራ ስትሠራ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሚያያት። በሚቀጥለው ሳምንት ረ እና ሰ ሲጨመሩ የቃሉ ብዛት እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ቁጥር፦ ሱቅ የሚያውቅ፣ ደብተር የማያውቅ

ወደ ሒሳቡ እንሂድ፤ እኔ በበኩሌ ይበልጥ የምወደው ክፍል ይሄ ነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ 52 ሲቀነስ 27ን ሥራ ብትሉት 35 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ብዙ አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳና ኤክስ ያደርግበታል። እናንተ ግን «እንዴት ሠራኸው?» በሉት። «ከ7 ላይ 2 ሲነሳ 5፤ ከ5 ላይ 2 ሲነሳ 3» ይላችኋል። አያችሁ? በዘፈቀደ አልሠራም። «ከትልቁ ላይ ትንሹ ይቀነሳል» ተብሎ አንደኛ ክፍል የተማረውን ሕግ በታማኝነት እየፈጸመ ነው። 52 አንድ ሙሉ ብዛት መሆኑ ጠፍቶበት፣ 5 እና 2 የተባሉ ሁለት ጎረቤቶች ሆነውበታል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሃያ ተመሳሳይ ጥያቄ ብትሰጡት ሃያ ጊዜ ስሕተቱን ያጠብቃል።

አሁን ያንኑ ልጅ «52 ብር ይዘህ ሱቅ ሄድክ፤ የ27 ብር ዕቃ ገዛህ፤ መልሱ ስንት ነው?» በሉት። ሱቅ የሚላክ ልጅ ከሆነ ብዙ ሳያስብ «25» ይላል። እንዴት? «ከ27 እስከ 30 ሦስት፤ እስከ 50 ሃያ፤ ሁለት ሲጨመር ሃያ አምስት።» ይህ በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በጥናት የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የሦስት ተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ ቴሬዚንያ ኑኔስ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄር እና አናሉሲያ ሽሊማን። ገበያ ላይ ኮኮናትና ፍራፍሬ ከሚሸጡ አምስት ልጆች እንደ ደንበኛ ሆነው ገዙ። ልጆቹ ከተጠየቁት ሒሳብ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። በኋላ ያንኑ ዓይነት ስሌት በወረቀት፣ በቁጥር ብቻ ሲሰጧቸው ግን ትክክሉ ወደ 37 በመቶ ወረደ። ልጆቹ ያው ናቸው፤ ቁጥሮቹም ያው። የተለየው ትምህርት ቤቱ ልጆቹ ከያዙት ብልሃት አለመጀመሩ ነው። በየመንገዳችን ማስቲካና ሶፍት የሚያዞሩትን፣ ጫማ የሚጠርጉትን ልጆች ስታዩ ይህን አስቡ።

ድልድዩ እንዴት ይሠራ? ብሩን ራሱን አምጡ። አምስት ባለ አስር ብር እና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። «ከዚህ ላይ 27 ስጠኝ» በሉት። ሁለት ባለ አስር ያነሳል፤ ሰባት ሳንቲም ሲፈልግ ግን ያለው ሁለት ነው። «ይዘርዘርልኝ» ይላችኋል! አንዱን ባለ አስር በአስር ሳንቲም ቀይሩለት። አሁን 12 ሳንቲም አለው፤ ሰባት ይሰጣችኋል፤ አምስት ይተርፈዋል፤ ከባለ አስሮቹም ሁለት። አጠገቡ ደብተር ላይ ያንኑ በቁጥር እንዲጽፍ አድርጉ። ሰሌዳ ላይ «ከጎረቤት ተበደር» ሲባል እንደ ድግምት ይሰማው የነበረው ነገር በእጁ ያለፈ ንግድ ሆነ። ብር ከሌለ የመጥረጊያ ጭራሮ በአስር በአስር አስሮ መሥራትም ይቻላል፤ መፍታትና ማሰሩን ልጁ ራሱ ያድርገው።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምርላችሁ። ብዙ ልጆች «መቶ ሃያ ሦስት» ጻፍ ሲባሉ 100203 ይጽፋሉ። ይሳቅባቸዋል። በግዕዝ ቁጥር ብንጽፈው ግን ፻፳፫ ነው፤ መቶ፣ ሃያ፣ ሦስት፤ ልክ እንደተነገረው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ የአንድ ምልክት ዋጋም በቆመበት ቦታ አይለዋወጥም። ልጁ የጻፈው አያቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት በተጠቀሙበት አስተሳሰብ ነው። የጎደለው ቦታ ዋጋ እንዳለው የሚያሳየው ሰው ነው፤ ማሳያውም የባለ አስርና የባለ መቶ ብር ጨዋታ ነው።

በቀን አንድ ሰዓት

ወደ ሕንድ እንመለስ፤ ምክንያቱም ፕራታም ችግሩን ለክቶ አልተቀመጠም። መፍትሔው ሲሰሙት እጅግ ቀላል ነው። በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ክፍሉ ይፈርሳል። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ያሉ ልጆች በክፍላቸው መሆናቸው ቀርቶ በወረቀቷ ውጤት ይመደባሉ፤ ፊደል ላይ ያሉት አንድ ላይ፣ ቃል ላይ ያሉት አንድ ላይ። ወለል ላይ ክብ ይቀመጣሉ። አስተማሪዋ አጭር ታሪክ በጣቷ እያስኬደች ታነብባለች፤ ልጆቹ አብረዋት ያነባሉ፤ ስለ ታሪኩ ያወራሉ፤ በፊደል ይጫወታሉ፤ በመጨረሻ ከራሳቸው አንድ ነገር ይጽፋሉ፤ ቢሳሳቱም። በየጥቂት ሳምንቱ ወረቀቷ ትመለሳለች፤ የተሻለው ወደ ቀጣዩ ክብ ይሄዳል።

ይሠራል ወይ? በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኢኮኖሚስቶቹ አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎ እና ባልደረቦቻቸው በጥንቃቄ መዘኑት። አስተማሪዎቹ የሰፈሩ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱና የሁለት ሳምንት ያህል ሥልጠና የተሰጣቸው። የደከሙትን ልጆች ከሃያ በማይበልጥ ቡድን በቀን ለሁለት ሰዓት ለብቻ አስተማሩ። የልጆቹ ውጤት ተሻሻለ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ከሁሉ ኋላ የነበሩት ናቸው። ባነርጂና ዱፍሎ ከማይክል ክሬመር ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ ከሚጠቀስላቸው ሥራ አንዱ ይህ ነበር። ዛምቢያም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «ካች አፕ» በሚል ስም በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ሞክራ አስፋፍታዋለች።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን የሕንዷ የቢሃር ግዛት ታሪክ ነው። እዚያ የመንግሥት አስተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ለአንድ ወር ካምፕ ከፍተው በዚህ ዘዴ አስተማሩ፤ ልጆቹ ተሻሻሉ። በመደበኛው ዓመት ግን ዘዴውና መጻሕፍቱ ብቻ ሲሰጡ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም። ለምን? ክፍል ውስጥ የሚጠብቃቸው መጽሐፉን የመጨረስ ግዴታ ነበር። ለዘዴው የተለየ ሰዓት አልተሰጠውም። ስለዚህ «አስተማሪዎቻችን አይችሉም» ለማለት አንቸኩል። የሚችሉትን ሥራ የሚሠሩበት ሰዓት ፕሮግራሙ ላይ አለ ወይ? ብለን እንጠይቅ።

«ልጆችን ሰነፍና ጎበዝ ብሎ መለየት አይሆንም ወይ?» ለሚለው ሥጋት መልስ አለው። እውነተኛው መለያየት አሁን ያለው ነው፤ «ከ65 ተማሪ 61ኛ» ተብሎ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ምንም አይደረግም። የወረቀቷ ምደባ ግን ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ በየጊዜው ይለወጣል፤ በንባብ «ቃል» ላይ ያለው ልጅ በሒሳብ ከፊት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ልጁ ራሱ የት እንዳለ ያውቃል። የሚያሳፍረው መታወቁ ሳይሆን ታውቆ መተዉ ነው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ የልጁን ዓይንና ጆሮ አስመርምሩ። ሰሌዳ የማይታየው ልጅ ስንት ዓመት «ትኩረት የለውም» ሲባል ይኖራል። ቀጥሎ፣ በደንብ እየተደገፈ ለወራት ታግሎ ፊደልና ድምፅ አልያያዝ ካለው ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል፤ የቁጥሩ አቻ ዲስካልኩሊያ ይባላል። እነዚህ ከብልህነት ማነስ ጋር አይያያዙም፤ ልጁ የሚፈልገው ያንኑ ትምህርት ይበልጥ በቀስታ፣ ይበልጥ በድግግሞሽ፣ በጆሮም በእጅም ነው። ስያሜውን ግን ለባለሙያ እንተው፤ ያልተማረን ልጅ በሽተኛ ማለትም ሌላ በደል ነው።

ከዚያ በየቀኑ 20 ደቂቃ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት አስቀምጦ ማስጨነቅ የ20 ደቂቃውን ያህል አይሠራም። መጽሐፉ የክፍሉ ሳይሆን የደረጃው ይሁን፤ አምስተኛ ክፍል ሆኖ «ቃል» ላይ ካለ በቃል ይጀምር። አንድ አጭር ታሪክ እናንተ አንብቡለት፤ ከዚያ አብራችሁ፤ ከዚያ ብቻውን፤ በማግሥቱ ያንኑ ድገሙት። ድግግሞሹ ነው ከቁጥር ንባብ ወደ ቁም ንባብ የሚያደርሰው። ሲሳሳት ቶሎ አትንጠቁት፤ ሦስት አራት ሰከንድ ጠብቁት። ታላቅ እህቱ ታስጠናው፤ የምታስጠናውም ትጠቀማለች። አስጠኚ የምትቀጥሩ ከሆነ ደግሞ የቤት ሥራውን ሠርቶለት የሚሄደውን ሳይሆን ያለበትን ለክቶ የሚጀምረውን ፈልጉ።

እናትና አባት ማንበብ ባይችሉስ? እነሱም የሚችሉት ድርሻ አላቸው። ልጁ በየምሽቱ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ያድርጉ፤ ሲጨርስ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ይበሉት። ያነበበው ካልገባው መመለስ አይችልም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ሩቅ ያለ ዘመድም ሰበብ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ቦትስዋና ውስጥ በኮቪድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለልጆች በሳምንት አንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል ስልክ እየተደወለ በየደረጃቸው ሒሳብ ተሠራ፤ ጥሪው የደረሳቸው ልጆች መሻሻላቸው ተለክቶ ታየ። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለች አክስት ለወንድሟ ልጅ ቦርሳ ከምትልክ ይልቅ በየእሑዱ ደውላ ብታስቆጥረው ስጦታዋ ይከብዳል።

ትምህርት ቤቱን የምንጠይቀውም ነገር አለ። የወላጅ ስብሰባ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ነው። ደረጃ ልጁን ከጎረቤቱ ጋር ያወዳድራል፤ ሁሉም ማንበብ የማይችልበት ክፍል ውስጥም አንደኛ የሚወጣ አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ክፍሉ ውስጥ ፊደል ላይ ያሉት ስንት ናቸው፣ ቃል ላይ ያሉትስ ስንት? ለነሱ የተመደበው ሰዓት ከስንት እስከ ስንት ነው? ርዕሰ መምህሩ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከሌላቸው የአምስት ደቂቃዋን ወረቀት ስጧቸው። ለሁለተኛው መልስ ከሌላቸው ደግሞ ከጠዋቱ ፕሮግራም ላይ አንድ ሰዓት እስኪገኝ ድረስ ከስብሰባው አትነሱ።